ዋናው የት ነው ያለው? ክላውድ ማከማቻና ዲጂታል ማስታወሻ ለሥራ ሰው

ጉዳይ ይዘን አንድ ቢሮ ስንሄድ መስኮቱ ላይ መጀመሪያ የምንጠየቀው "ዋናውና ኮፒው አለ?" ተብለን ነው። ዋናውን አሳይተን፣ ኮፒውን አስገብተን እንመለሳለን። የትኛው ዋና፣ የትኛው ኮፒ እንደሆነ ማንም አይሳሳትም፤ ማኅተሙ ይናገራል። ኮምፒውተር ላይ ስንቀመጥ ግን ይህን ልምዳችንን በር ላይ ጥለነው እንገባለን። አንድ የጨረታ ሰነድ ላፕቶፕ ላይ አለ፤ ቴሌግራም ላይ ሦስት ቦታ ተልኳል፤ ጎግል ድራይቭ ላይ "የመጨረሻ" የሚል አለ፣ "የመጨረሻ የተስተካከለ" የሚልም አለ፤ አንዱ ደግሞ የሆነ ሰው ፍላሽ ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ "የቱን ነው የምፈርመው?" ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል።

የምሠራው ስድስት ሰው ባለበት አነስተኛ የአማካሪ ቢሮ ውስጥ ነው። ውል፣ የሳይት ሪፖርት፣ ፎቶ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ደረሰኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምናገላብጠው ይህንኑ ነው። ጓደኞቼ "ጎግል ድራይቭ ይሻላል ድሮፕቦክስ? ኖሽን ልጀምር ወይስ ዋን ኖት?" እያሉ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ተራው ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው ያው መስኮቱ ላይ የለመድነው ነው፦ ዋናው የት ነው የሚቀመጠው? ኔት ሲጠፋ፣ ሠራተኛ ሲለቅ፣ ኩባንያው ዋጋ ሲቀይር የሚያድነን ወይም ጉድ የሚያደርገን የዚህ መልስ ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹን በዚህች ጥያቄ እየመዘንኩ ላስረዳ።

መዝገብ ቤትና አጀንዳ

ክላውድ ማከማቻ መዝገብ ቤት ነው። የተረከበውን ፋይል እንዳለ ያስቀምጣል፤ ወርድ ከሆነ ወርድ፣ ፒዲኤፍ ከሆነ ፒዲኤፍ፣ ውስጡን ሳይነካ። ስሙ "ደመና" ቢሆንም ነገሩ መሬት ላይ ነው፤ ፋይላችሁ የሚያድረው ሌላ አገር፣ በአንድ ኩባንያ ሕንፃ ውስጥ በተደረደሩ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ጎግል ድራይቭ፣ ዋን ድራይቭ፣ ድሮፕቦክስ፣ አይክላውድ ከዚህ ወገን ናቸው።

ዲጂታል ማስታወሻ ደግሞ ስብሰባ ስንገባ በእጃችን የምንይዘው አጀንዳ ነው። የስልክ ቁጥር፣ ሳይት ላይ የታየ ጉድለት፣ "ነገ ፋይናንስን ጠይቅ" የሚል አንድ መስመር፣ ከስብሰባ የተያዘ ነጥብ እዚያ ይገባል። ጎግል ኪፕ፣ ዋን ኖት፣ ኤቨርኖት፣ ኖሽን፣ ኦብሲዲያን፣ ጆፕሊን እዚህ ይመደባሉ።

ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። መዝገብ ቤት ያስቀመጡትን ፋይል አውጥቶ ወደ ሌላ መዝገብ ቤት ማዛወር ቀላል ነው፤ ፎልደሩን መገልበጥ ብቻ ነው። አብዛኞቹ የማስታወሻ መሣሪያዎች ግን የጻፍነውን በራሳቸው የውስጥ መዝገብ ነው የሚይዙት። ከመተግበሪያው ውጭ ፈልጋችሁ የምታገኙት "ፋይል" የለም። ልውጣ ስትሉ "ኤክስፖርት" የሚባል በር ትፈልጋላችሁ፤ በሩ ሰፊ የሆነላቸው አሉ፣ ጠባብ የሆነባቸውም አሉ።

ቢሮዎች ውስጥ የማየው ትልቁ ችግር የሁለቱ መደበላለቅ ነው። የተፈረመ ውል ኖሽን ገጽ ውስጥ ተለጥፎ ይቀራል፤ በሌላ በኩል የሁለት መስመር ሐሳብ ለመያዝ 40 የወርድ ፋይል ይከፈታል። ውል መዝገብ ቤት ይግባ፤ ሐሳብ አጀንዳ ላይ ይሁን። ማስታወሻው ላይ የውሉን ሊንክ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ይበቃልም።

ሲንክ ባክአፕ አይደለም

ይህን ሳልረዳ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልሂድበት።

ሲንክ ማለት አንድን ፎልደር በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት አድርጎ መያዝ ነው። ላፕቶፔ ላይ አንድ ቃል ስቀይር ለውጡ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ይወጣል፣ ከዚያ የባልደረባዬ ላፕቶፕ ላይ ይወርዳል። ጥሩ ነው። ግን ይኸው ሥርዓት ስህተቱንም ያደርሳል። ባልደረባዬ የጋራ ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች "ኮምፒውተሬን አጣበቡብኝ" ብሎ ቢሰርዛቸው እኔም ጋ፣ እሱም ጋ፣ እዚያም ጋ ሊሰረዙ ይችላሉ። ቫይረስ ገብቶ ፋይሎቹን ቢቆላልፋቸው የተቆለፈው ፋይል ተሲንኮ ይሰራጫል። ሲንክ ታዛዥ ነው፤ የታዘዘው ጥሩ ይሁን መጥፎ አይለይም።

የሚያተርፈን የቆሻሻ ቅርጫቱና የድሮው ቅጂ ታሪክ ነው። ጎግል ድራይቭ የተሰረዘን ፋይል 30 ቀን ቅርጫት ውስጥ አቆይቶ ያጠፋዋል። ነጻው ድሮፕቦክስና የግል ዋን ድራይቭም እንዲሁ 30 ቀን ነው። ጎግል ድራይቭ ላይ የተጫነ የወርድ ወይም የፒዲኤፍ ፋይል ሲቀየር የቀድሞው ቅጂ ለ30 ቀን ወይም እስከ 100 ቅጂ ይያዛል፤ "ለዘለዓለም አቆይ" የሚል ምርጫ ካልተደረገበት በቀር ከዚያ በኋላ ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ሰው የጥቅምትን ሪፖርት በስህተት ሰርዞ እኛ ጥር ላይ ብንፈልገው ፋይሉ የለም። ባክአፕ የሚባለው ከሲንኩ ውጭ የተቀመጠ፣ ሲንኩ የማይደርስበት ሌላ ቅጂ ነው፤ ለምሳሌ በወር አንድ ቀን ፎልደሩን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጦ፣ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ካዝና ውስጥ ማስገባት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጎግል ዶክስ ላይ የተጻፈ ሰነድ ኮምፒውተራችሁ ፎልደር ውስጥ ሲታይ ፋይል ይመስላል፤ ግን ፋይል አይደለም፣ ወደ ሰነዱ የሚያመለክት ሊንክ ነው። መጠኑን ብታዩ 1 ኪሎባይት እንኳን አይሞላም። አንድ ባልደረባችን ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ፎልደሩን በሙሉ ፍላሽ ላይ ገልብጦ፣ ኔት በሌለበት ወረዳ ላይ ከፍቶ "ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ" የሚል ጽሑፍ ብቻ አግኝቷል። የጎግል ሰነድ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው በወርድ ወይም በፒዲኤፍ መልክ ማውረድ አለበት፤ ወይም ከመውጣቱ በፊት "ያለ ኢንተርኔት ይሥራ" የሚለውን አብርቶ በዚያው ኮምፒውተር ላይ መክፈት።

ተመሳሳይ ነገር ዋን ድራይቭም ሆነ ድሮፕቦክስ ላይ አለ። ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ፋይሉን ስሙን ብቻ እያሳዩ አካሉን እዚያው ያስቀሩታል። ዋን ድራይቭ ላይ ከስሙ አጠገብ የደመና ምልክት ካለ ፋይሉ እናንተ ጋ የለም፤ አረንጓዴ ምልክት ካለ አለ። ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ለሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ቆይቷል፤ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቷል። በዚያ ጊዜ ዋናው "እዚያ ብቻ" የነበረ ሰው ሥራው ቆሟል። የሥራ ፎልደራችሁን ቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ "ሁልጊዜ እዚህ ኮምፒውተር ላይ አቆይ" የሚለውን ምረጡ። ፎቶው ቢከብድ እንኳ ውሉና ሪፖርቱ ይቆይ።

መዝገብ ቤቶቹ ሲነጻጸሩ

በነጻ የሚሰጡት ቦታ ይለያያል፦ ጎግል 15 ጊጋባይት፣ ዋን ድራይቭና አይክላውድ 5፣ ድሮፕቦክስ 2። ቁጥሩን ብቻ ያየ ጎግልን ይመርጣል። ነገር ግን የጎግል 15 ጊጋ የድራይቭ ብቻ አይደለም፤ ጂሜልና ጎግል ፎቶም ከዚያው ይበላሉ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 ወዲህ ደግሞ ፎቶዎችም ሆኑ አዲስ የሚፈጠሩ የጎግል ዶክስ ሰነዶች ይቆጠራሉ። 15 ሲሞላ አዲስ ፋይል መጫን ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ ኢሜይል መላክም መቀበልም ይቆማል። የጨረታ ግብዣ በሚመጣበት ኢሜይል ላይ የሳይት ቪዲዮ ማጠራቀም ይህን ያመጣል። የሥራ ኢሜይላችሁ ያለበትን አካውንት ለከባድ ፎቶ አታውሉት፤ ለፎቶው ሌላ አካውንት ይከፈትለት።

የጎግል ጥንካሬ አብሮ መጻፍ ነው። ሦስት ሰው አንድ ሰነድ ላይ በአንድ ጊዜ ሲጽፍ አንዱ ሌላውን እያየ ይሄዳል፤ "የመጨረሻ 2" የሚባል ነገር አይወለድም። ቃለ ጉባኤ እዚያ ላይ ስብሰባው ሳያልቅ ያልቃል። ዋን ድራይቭ ጠቃሚ የሚሆነው ቢሮው በወርድና በኤክሴል የሚኖር ከሆነ ነው፤ ከፍለው የማይክሮሶፍት 365 የግል እቅድ ከገቡ 1 ቴራባይት ቦታ ከወርድና ከኤክሴል ጋር ይመጣል። የሒሳብ ክፍል ሰው ከኤክሴል አውጥታችሁ ሌላ ላይ ብታስቀምጡት ሥራው ያዘግማል፤ አታስገድዱት።

ድሮፕቦክስ ቦታው ጠባብ ነው፤ በነጻው ከ3 መሣሪያ በላይም አያስገናኝም። ግን ሁለት ነገር ስላለው እኛ አገር ላይ እወደዋለሁ። አንደኛ፣ ፋይሉን በትንንሽ ቁራጭ ከፍሎ የተቀየረውን ቁራጭ ብቻ ነው የሚልከው። የ80 ሜጋ የዲዛይን ፋይል ላይ አንድ መስመር ስታስተካክሉ 80 ሜጋው እንደገና አይጫንም። ዋን ድራይቭም አሁን ይህንን ይሠራል። ሁለተኛ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ባለ ኔትወርክ የተያያዙ ኮምፒውተሮች ፋይሉን እርስ በርሳቸው እንዲቀባበሉ ያደርጋል፤ አንዱ ያወረደውን አምስቱም ከኢንተርኔት እንደገና አያወርዱም። ዳታ በጥቅል እየገዛ ለሚሠራ ቢሮ ይህ ብር ነው። ሁለት ሰው አንድ ፋይል ላይ ሳይተያዩ ቢሠሩ ደግሞ አንዱን አያጠፋም፤ "የተጋጨ ቅጂ" ብሎ የሰውየውን ወይም የኮምፒውተሩን ስምና ቀኑን ጨምሮ ሁለቱንም ያስቀምጣል። ያ ፋይል ሲመጣ ሰው ይደነግጣል እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሁለቱን ከፍቶ ማዋሃድ ነው።

ክፍያው ሌላ ራስ ምታት ነው። ዋጋው በዶላር ነው፤ የጎግል 100 ጊጋ በአሜሪካ በወር 2 ዶላር ገደማ ይሸጣል። ብዙ ቢሮ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍልለት ያደርጋል። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ዘመድም አይከብደውም። ግን ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ሲቀየር ማስታወቂያው የሚደርሰው የማን ኢሜይል ላይ እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። በዘመድ ካርድ የምትሠሩ ከሆነ የሚታደስበትን ወር ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ቴሌግራምስ?

እውነቱን እንነጋገር፤ አገራችን ውስጥ ትልቁ የሥራ መዝገብ ቤት ቴሌግራም ነው። ምክንያትም አለው። እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ ፋይል በነጻ ይቀበላል፣ ደካማ ኔት ላይ ይገፋል፣ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ። "ሴቭድ ሜሴጅ" የሚለው ለብዙ ሰው ማስታወሻም ማከማቻም ሆኗል። ይህን መናቅ አይገባም፤ መላኪያነቱን የሚወዳደረው የለም።

ዋናውን ለማስቀመጥ ግን አይሆንም። ፋይሉ ሲስተካከል እንደገና ይላካል፤ የድሮውም እዚያው ይቀራል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ላይ እየሳበ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። ፎልደር የለውም፣ የቅጂ ታሪክ የለውም። የግሩፑ አስተዳዳሪ መልእክት መሰረዝ ይችላል። ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ለሪፖርት የሚሆን ፎቶ "እንደ ፋይል" ተብሎ መላክ አለበት። አካውንቱ ለተወሰነ ወራት ካልተከፈተ ራሱን እንዲያጠፋም ተደርጎ የተሠራ ነው። የተለመደው ቻት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተቆለፈ አለመሆኑም ይታወቅ፤ ያ የሚሠራው "ሚስጥራዊ ቻት" ላይ ብቻ ነው። በእኛ ቢሮ የገባንበት ስምምነት ይህ ነው፦ ቴሌግራም ላይ ሊንክ ይላካል፣ ወይም ኮፒ ይላካል። ዋናው አይላክም።

የክሊራንስ ወረቀት ላይ የሌለ ነገር

አንዲት ጥሩ ባልደረባችን ሌላ ሥራ አግኝታ ለቀቀች። ክሊራንስ ዞረች፤ ንብረት ክፍል ላፕቶፑንና ወንበሩን ተረከበ፣ ፋይናንስ ፈረመ፣ ቁልፉን መለሰች። ኬክ ቆርሰን ሸኘናት። ከሦስት ወር በኋላ ትልቁ መሐንዲሳችን የአንድ ሳይት ሪፖርት ፈለጉና ታናሻችንን ጠሩት። "ጋሼ፣ እኔም ጋ አይከፍትም" አላቸው፣ "ፋይሉ የለም ነው የሚለው።" ደወልንላት። ፎልደሩን የከፈተችው በግል ጂሜሏ ነበር፤ 15 ጊጋው ሲሞላባት የድሮ ሥራ ነው ብላ አጸዳችው። እሷ ጥፋት የለባትም፤ የራሷን ቤት ነው ያጸዳችው። ወዲያው ከፍታ ፈለገችልን፤ ግን 30 ቀኑ አልፎ ነበር። ከ11 ሪፖርት ሰባቱን ከቴሌግራም ለቃቅመን አገኘን። አራቱን እንደገና ጻፍናቸው።

ጎግል ድራይቭ ላይ እያንዳንዱ ፋይል የፈጠረው ሰው ንብረት ነው። የጋራ ፎልደር ውስጥ ስለገባ የጋራ አይሆንም፤ እንግዳ ዕቃውን ሳሎናችሁ ውስጥ እንዳስቀመጠ ነው። ባለቤቱ ሲያጠፋው ለሁሉም ይጠፋል። አካውንቱ ለሁለት ዓመት ሳይከፈት ቢቆይ ደግሞ ጎግል ራሱ ሊሰርዘው ይችላል። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። ለድርጅት በሚሸጠው የጎግል አገልግሎት "የጋራ ድራይቭ" የሚባል አለ፤ እዚያ የገባ ፋይል የድርጅቱ ነው፣ ሰው ቢለቅም ይቆያል። ለዚህ መክፈል የማይችል ቢሮ አንድ የቢሮ አካውንት ይክፈትና ዋና ዋና ፋይሎች በዚያ ይፈጠሩ፤ ሠራተኛው በግል አካውንቱ ተጋብዞ ይሥራ። ሰው ሲለቅ ደግሞ ክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ "የፋይል ባለቤትነት ተላልፏል"። ድራይቭ ላይ ባለቤትነትን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይቻላል፤ ተቀባዩ "እሺ" ማለት ብቻ ይጠበቅበታል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አጀንዳዎቹ

ጎግል ኪፕ ፈጣን ነው፤ ስልክ ላይ ከፍቶ፣ ጽፎ፣ መዝጋት። ለገበያ ዝርዝርና ለ"ነገ ደውል" ከሱ የሚቀል አላየሁም። ረጅም ነገር ሲጻፍበት ግን ይጨናነቃል። ዋን ኖት ገጹ እንደ ወረቀት ነው፤ የትም ቦታ መጻፍ፣ ፎቶ መለጠፍ፣ በብዕር መሳል ይቻላል፤ ያለ ኔትም ይሠራል። ደብተሩ የሚቀመጠው ዋን ድራይቭ ላይ ስለሆነ ከ5 ጊጋው ይቆጥራል። ስብሰባ ለሚያዘወትር ሰው እመክረዋለሁ።

የኤቨርኖት ታሪክ ለሁላችንም ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ቀርቦ ለዓመታት የማስታወሻ ሁሉ አለቃ ነበር። ኋላ የጣልያኑ ቤንዲንግ ስፑንስ ገዛውና በ2023 መጨረሻ ነጻው እቅድ በ50 ማስታወሻና በአንድ ደብተር ተገደበ። ከዚያ በላይ የነበረው ሰው ያለውን ማየትና ማውጣት ቢችልም አዲስ መጨመር አልቻለም። ኩባንያ ዋጋውን መቀየር መብቱ ነው። ጥያቄው ያ ቀን ሲመጣ የእናንተ ዋና የት ነው የሚለው ነው።

ኖሽን ላይ ብዙ ወጣት ባልደረቦቼ ፍቅር ይዟቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ማስታወሻ፣ ሠንጠረዥ፣ የሥራ ክትትል አንድ ላይ ተሰፍተውበታል። ከአንድ ማስታወሻ ደብተር ይልቅ አንድ ሙሉ ቢሮ ይመስላል። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። ለአንድ ሰው በነጻ ሰፊ ነው፤ ሁለተኛ አባል ሲገባ ግን ነጻው እቅድ ቶሎ ይሞላል፤ በነጻው የሚጫን ፋይል ደግሞ ለአንድ ሰውም ቢሆን ከ5 ሜጋ ማለፍ አይችልም። ሁለተኛው፣ ዋናው እዚያ ነው ያለው፤ እናንተ ጋ አይደለም። ያለ ኢንተርኔት መክፈት የተቻለው እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 ወዲህ ነው፤ እሱም በነጻው እቅድ ገጹን አስቀድሞ ለዚያ ምልክት ማድረግ ይፈልጋል። ኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ብቸኛ ደብተራችሁ አይሁን።

ኦብሲዲያን ከሌሎቹ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል። እያንዳንዱ ማስታወሻ ኮምፒውተራችሁ ላይ በተራ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ መተግበሪያው ነገ ቢጠፋ በኖትፓድ ይከፈታል። ዋናው እናንተ ጋ ነው። ነጻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ጀምሮ ለንግድ ሥራም ፈቃድ መግዛት አይጠይቅም። ድካሙ ስልክና ኮምፒውተርን ማገናኘቱ ላይ ነው፤ የራሱ ሲንክ በክፍያ ነው፤ ፎልደሩን ድሮፕቦክስ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ስልክ ላይ ግን ያስቸግራል። ሁለት የሲንክ አገልግሎት አንድ ፎልደር ላይ አታብሩ፤ ይጋጫሉ። ለዚህ ጆፕሊን ይቀላል፦ ነጻና ኮዱ ክፍት ነው፣ ያላችሁን የድሮፕቦክስ ወይም የዋን ድራይቭ አካውንት ተጠቅሞ ስልክና ኮምፒውተሩን ያገናኛል፤ ከፈለጋችሁም ቆልፎ ስለሚልከው ማከማቻው ኩባንያ ውስጡን ማንበብ አይችልም።

አማርኛ ሲፈለግ

ውጭ አገር የተጻፉ ማነጻጸሪያዎች የማይነግሩን ነገር ይህ ነው። ማስታወሻ የሚያዘው ኋላ ለመፈለግ ነው፤ ፍለጋው ደግሞ አማርኛ ላይ ይሰናከላል።

ፍለጋው ላይ "ውል" ብላችሁ ጻፉ። ኮምፒውተሩ ው እና ል ፊደሎችን ተከታትለው ሲያገኝ ያመጣል። ማስታወሻው ላይ የጻፋችሁት "ውሉን ነገ እንፈርማለን" ከሆነ ግን አያገኘውም፤ ል ሉ ሆኗል፣ ለኮምፒውተሩ ሉ ሌላ ፊደል ነው። "ውላችን" ላይ ላ ነው፣ "ውሎች" ላይ ሎ። የእኛ ፊደል አናባቢውን በሆዱ ስለሚይዝ ቃሉ በረባ ቁጥር መጨረሻው ይቀየራል። ከፊት ደግሞ የ፣ ለ፣ በ፣ ከ ይለጠፋሉ፤ ቃልን ከመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ የሚይዝ ፍለጋ "ከውል" የሚለውን ያልፈዋል። በዚህ ላይ አንዱ "ዓመት" ሌላው "አመት"፣ አንዱ "ሥራ" ሌላው "ስራ"፣ አንዱ "ጸሐፊ" ሌላው "ፀሃፊ" ይጽፋል።

የምጠቀምባቸው ዘዴዎች አሉ። ረጅም ቃል ስፈልግ የመጨረሻውን ፊደል እቆርጣለሁ፦ "ደረሰኝ" በማለት ፈንታ "ደረሰ" ስል ደረሰኙም ደረሰኞቹም ይመጣሉ፤ "እቃው ደረሰ" የሚልም አብሮ ይመጣል፣ እሱን መዝለል ነው። እንደ "ውል" ላሉ አጫጭር ቃላት ማስታወሻው መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ በአንድ መልክ የሚጻፍ መለያ አስቀምጣለሁ፦ #ውል፣ #ሳይት፣ #ክፍያ። ኦብሲዲያን ላይ /ው[ልሉላሎ]/ ብሎ መፈለግ ይቻላል፤ በቅንፉ ውስጥ ካሉት አንዱን ካገኘ ያመጣል። ሞክሩት፣ ልዩነቱ ይታያችኋል።

የድሮ ሰነድ ላላችሁ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደልን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመትም በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ስልክ ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነው ይታያሉ፤ ፍለጋም አያገኛቸውም። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ቢሮ ውስጥ እስካለ ድረስ ቢያንስ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሯቸው።

ቀኑም ያጋጫል። "ሪፖርት 2016" የሚል ፋይል በየትኛው አቆጣጠር ነው? የማከማቻው ቀን ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። እኛ የፋይል ስም ላይ ዓመቱን አስቀድመን "2017-03-12ዓም የሳይት ርክክብ" እንላለን፤ ወሩን በቁጥር ስለምንጽፈው ራሱ በተራ ይደረደራል። የቅጂ ታሪክ ላይ "9:14" ሲል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ14 መሆኑን ለአዲስ ሠራተኛ መንገር ነበረብን፤ አንድ ጊዜ በዚህ ተጨቃጭቀናል።

ቁልፉ ማን ጋ ነው

ስለ ደኅንነት አጭር ልበል። "ሊንኩ ያለው ሁሉ ያያል" የሚለው ምርጫ ለብሮሹር ነው፤ የሠራተኛ ደመወዝና የደንበኛ መታወቂያ ኮፒ ላለበት ፎልደር በስም መጋበዝ ነው። የሰው መረጃ መያዝ አሁን ሕግም አለበት፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ የሚጠየቅ ኮድ፣ አብሩ፤ ግን ማረጋገጫው በአጭር መልእክት ብቻ ከሆነ ሲም ካርዱ የጠፋ ቀን በሩ ይዘጋባችኋል። ጎግል እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ 10 የመጠባበቂያ ቁጥሮች ይሰጣል። አትማችሁ ከማኅተሙ ጋር ካዝና ውስጥ አስገቡት።

ምን ልምረጥ ለሚለኝ

ለብቻው ለሚሠራ ሰው፦ ጎግል ድራይቭ፣ ለአጫጭሩ ኪፕ፣ ለዓመታት ለሚቆየው ሐሳብ ጆፕሊን ወይም ኦብሲዲያን። በኤክሴል ለሚኖር ቢሮ ዋን ድራይቭና ዋን ኖት። ከባድ ስዕልና ደካማ ኔት ላለው ቢሮ ድሮፕቦክስ፣ ቢከፈልበት ይሻላል። መስክ ለሚውል ሰው ከምንም በላይ ስልኩ ላይ ያለ ኔት የሚጽፍ ነገር፤ ኖሽን ሳይሆን ዋን ኖት ወይም ጆፕሊን። ኖሽን ጥሩ ኔት ላለው፣ በጋራ ለሚያቅድ ቡድን ነው፤ በወር አንዴ ኤክስፖርት ይደረግ።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይህን ሞክሩ። ዋይፋዩን አጥፉ፣ የስልኩንም ዳታ ዝጉ፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ላፕቶፕ ባለፈው የተፈረመውን ውል፣ ያለፈውን ሳምንት ቃለ ጉባኤና የአንድ ደንበኛ ስልክ ቁጥር ያውጣ። እኛ ስናደርገው ከስድስታችን ሦስቱንም ያወጣው ሁለት ሰው ብቻ ነበር። የአንደኛው በአጀንዳ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራችን የዋን ድራይቩን የደመና ምልክት አንድ በአንድ ወደ አረንጓዴ መቀየር ሆነ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አልቋል።